ድንጋዩ ሟሙቶ የቀረው ዝቃጭ

ይህ ጎተንበርግ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለተሰበሰቡ የሐበሻ ቤተሰቦች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። የአድማጮቹን ጥያቄ ግን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ፀሐይ በወጣችበት ቅዳሜ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ስለ ድንጋይ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የስዊድንን ክረምት ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ስጦታ እንደሆነ ያውቃል።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላድርግ። አንደኛ፣ ይህችን የድንጋይ ስባሪ እዚህ ብርጭቆ ውስጥ እከታታለሁ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ኮምጣጤ ነው። ሰላጣ ላይ የምናደርገው፣ ከሱቅ የተገዛ ነጭ ኮምጣጤ። እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛ፣ ይህን ትልቁን ድንጋይ ላዙረው። ከፊት ወንበር ይጀምርና እጅ በእጅ ወደ ኋላ ይሂድ። ልጆችም ያዙት፤ እግራችሁ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ። ጥቁር ነው፤ ጠርዙ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ለዓይን የሚያምር ነገር የለውም። መንገድ ላይ ብታገኙት ጎንበስ ብላችሁ አታነሱትም።

አሁን ሌላ ስባሪ በመዶሻ ልመታ ነው። ከፊት ያላችሁ፣ ምን ሸተታችሁ?

«ናፍጣ!» አለች አንዲት ልጅ። አጠገቧ የተቀመጡት አባቷ ደግሞ «የለም፣ የተበላሸ እንቁላል ነው» አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስዊድኖች ይህን ድንጋይ ኦርስቴን ይሉታል። ሲሰበር የሚሸት የኖራ ድንጋይ ነው። የሸተታችሁ ነገር ወደ 500 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የባሕር ጭቃ ነው። በዚያ ጭቃ ውስጥ የበሰበሰው ሕይወት ድንጋዩ ውስጥ ታሽጎ ቆየ፤ እኔ አሁን በመዶሻ ከፈትኩት።

የኖራ ድንጋይ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መቀሌ የሄደ ሰው በእሱ የተገነባ ቤትና አጥር አይቷል። የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይባላል። በዓባይ ሸለቆ ቁልቁል የወረደም መሰሉን አይቷል። ውስጡ የባሕር ዛጎል በዓይን ይታያል። ያ ድንጋይ የተሠራው በጁራሲክ ዘመን፣ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ጊዜ ነው። ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። እጃችሁ ላይ ካለው ጋር ሲተያይ ግን ልጅ ነው። ተምቤን አካባቢ ደግሞ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የኖራ ድንጋይ አለ። እዚያ እግር ያለው እንስሳ ብትፈልጉ አታገኙም፤ ገና አልተፈጠረም ነበር። ይህ የያዛችሁት የሁለቱ መሃል ነው። ካምብሪያን ከሚባለው ዘመን ነው፤ ከ539 እስከ 485 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ካለው። የብሱ ላይ ዛፍ የለም። ሣር የለም። ባለ አራት እግር እንስሳ የለም። ባሕሩ ውስጥ ግን ሕይወት ይርመሰመስ ነበር። የዛሬዎቹ ታላላቅ የእንስሳት ወገኖች አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብለው የሚታዩት በዚህ ዘመን ድንጋይ ላይ ነው።

ድንጋዩ ከየት መጣ? ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቬነርን፣ ያን ትልቁን ሐይቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻው ኪኔኩሌ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 306 ሜትር ነው። «ይሄ ደግሞ ተራራ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው በዚህ አይደነቅም። እኔ ግን መጀመሪያ ሳየው ልቤ ደነገጠ። አምባ ነው! ቁርጥ አምባ። አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ደረጃ ደረጃ።

የተሠራበት መንገድም ከአምቦቻችን ጋር ይመሳሰላል። እኛ አገር ብዙ ቦታ አናቱ ላይ የጠነከረ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጦ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ድንጋይ ከዝናብና ከጎርፍ ይጠብቀዋል። ዙሪያው ሲሸረሸር ክዳን ያለው ብቻ ቆሞ ይቀራል። ኪኔኩሌም እንዲሁ ነው። ከ280 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ሥር መጥቶ በድርብርቡ መካከል ሰርጎ ገባ። ቀዘቀዘ፤ ጠነከረ። በኋላ ከላዩ ያለው ተሸርሽሮ ሲያልቅ እሱ ክዳን ሆነ። ቬስተርዬትላንድ በሚባለው በዚህ ክፍለ አገር እንዲህ ያሉ 15 አምቦች አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 አካባቢውን የዓለም ጂኦፓርክ ብሎ መዝግቦታል።

ከሐይቁ ዳር ተነስታችሁ ወደ ላይ ብትወጡ በእግራችሁ ዘመን ትቆጥራላችሁ። ከታች እጅግ አሮጌ ናይስ ድንጋይ፣ ከዚያ አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዚያ ጥቁር ሼል (ከጭቃ የተሠራ፣ በስሱ የሚነባበር ድንጋይ ነው)፣ ከዚያ ቀላና ግራጫ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ሌላ ሼል፣ አናት ላይ ጥቁሩ ክዳን። ድርብርቡ አልተጣጠፈም፤ እንደ እንጀራ ተነባብሮ ነው የተቀመጠው። የዕፅዋት ስም አባት የሚባለው ካርል ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1746 በዚህ አልፏል፤ ድርብርቡንም አስተውሎ ጽፏል።

የእኛ ጉዳይ ያለው ጥቁሩ ሼል ውስጥ ነው። የአሉም ሼል ይሉታል። አሉም ቆዳ ለማልፋትና ጨርቅ ለማቅለም የሚጠቅም ጨው ነው። ስዊድኖች ይህን ሼል እያቃጠሉና እያጠቡ አሉም ያወጡ ነበር። ስኮኔ ውስጥ አንድራሩም የሚባለው ቦታ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1637 ነው። ልብ በሉ፣ «እያቃጠሉ» ነው ያልኩት። ድንጋዩ ይነዳል! በውስጡ የያዘው የሞተ ፍጥረት ብዛት እንዲህ ነው። እዚህ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ኖራ ሲያቃጥሉ ማገዷቸው ይኸው ጥቁር ሼል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ሲጠፋ ክቫርንቶርፕ ላይ ዘይት ጨምቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ራንስታድ ላይ ዩራኒየም አውጥተውበታል። እንግዲህ አሉም ፈላጊውም፣ ኖራ አቃጣዩም፣ ዘይት ጨማቂውም፣ ዩራኒየም ፈላጊውም ይህን ድንጋይ አገላብጠውታል። ትልቁን ሀብት ያገኘው ሰው ግን ከሁሉም በኋላ ነው የመጣው። እሱም የፈለገው ሌላ ነገር ነበር።

ስለ ሼሉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያለሱ የሚቀጥለው አይገባችሁም። በካምብሪያን መጨረሻ አካባቢ ይህ አገር ከምድር ወገብ በታች፣ በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ነበር። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ባሕር ይሸፍነው ነበር። ወለሉ ላይ ኦክስጅን እጅግ ያንሳል። ጭቃው የሚከማቸው በሺህ ዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚያ ጭቃ ውስጥ አልፎ አልፎ የኖራ ጓል ተሠራ። ትንሹ እንደ ቡጢ፣ መካከለኛው እንደ ድፎ ዳቦ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥም አለ። ኦርስቴን ማለት ይህ ጓል ነው። ዋናው ነገር ጓሉ ቶሎ መጠንከሩ ነው። ዙሪያው ያለው ጭቃ በላዩ ሸክም ሲበዛ ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ሳሳ። በጭቃው ውስጥ የቀሩ ቅሪተ አካላትም አብረው ተጨፈለቁ። ጓሉ ውስጥ ያሉት ግን ቅርጻቸውን እንደያዙ፣ ድቡልቡል እንደሆኑ ቀሩ።

አሁን ወደ ሰውየው። ክላውስ ሙለር ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው፤ ቦን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ሥራው ኮኖዶንት የሚባሉ ጥቃቅን የጥርስ መሰል ቅሪቶችን መሰብሰብ ነበር። ኮኖዶንት የድንጋይን ዕድሜ ለመለየት ይጠቅማል። የተሠራው ከካልሲየም ፎስፌት ነው፤ እንደ ጥርሳችን ማለት ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካርቦኔቱን የኮምጣጤ አሲድ ይበላዋል። ፎስፌቱን አይነካውም። ስለዚህ ሙለር የኖራ ድንጋይ እየቀጠቀጠ በቀጠነ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ይዘፈዝፋል። ድንጋዩ እየፈላ፣ አረፋ እየደፈቀ ያልቃል። ታች አተላ ይቀራል። አተላውን ያጥባል፣ ያደርቃል፣ በማይክሮስኮፕ ሥር እየለቀመ ኮኖዶንቱን ይለያል።

የምታውቁትን ነገር ላስታውሳችሁ። ምስር የሚለቅም ሰው ሰፌዱ ላይ ዓይኑ ድንጋይ ብቻ ነው የሚያየው። ጠጠር ስትፈልጉ ሌላው ሁሉ ያመልጣችኋል። ሙለርም እንዲያ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር። እሱ ግን ኮኖዶንት ያልሆነውንም አየ። አተላው ውስጥ እንደ ዛጎል በሁለት ክዳን የተዘጉ፣ ከሚሊሜትር ያነሱ ነገሮች ነበሩ። ስለ ክዳኖቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ጽፎ ነበር። በ1975 ግን ጠጋ ብሎ ሲመለከት ከክዳኑ ሥር እግር አየ።

እግር! ለዚህ ቃል ትንሽ ልቁም። የዚያን ዘመን እንስሳ ቅሪተ አካል ስናገኝ የምናገኘው ባብዛኛው ጠንካራውን ነው። ዛጎሉን፣ ቅርፊቱን። ሥጋው፣ ቆዳው፣ እግሩ ከሞት በኋላ በቀናት ይበሰብሳል። እዚህ ግን እግሩ አለ። በእግሩ ላይ ፀጉር አለ። ፀጉሩ ላይ ደግሞ ሌላ የቀጠነ ፀጉር አለ። ይህ ሁሉ ያለው የጤፍ ፍሬ በሚያህል እንስሳ ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ያየሁት ተማሪ ሆኜ ነው። ትናንት የሞተ ነፍሳት መሰለኝ። መምህሬ ዕድሜውን ሲነግረን ገጹን መልሼ መላልሼ አየሁት።

ሙለር ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተመ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሌላ ሆነ። ከዲተር ቫሎሼክና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ድንጋይ በአሲድ አሟሙ። ከአተላው ወደ 100,000 የሚሆኑ የእንስሳት ስብርባሪዎች ለቀሙ። በእጅ ነው የሚለቀመው። እርጥብ የብሩሽ ጫፍ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ትዕግሥት። አንዷን ቅንጣት አንስተህ ትንሽ ማቆሚያ ላይ ታጣብቃለህ። በስሱ ወርቅ ትቀባታለህ። ከዚያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታያታለህ። አስነጥሰህ ካበረርካት ዳግም አታገኛትም።

አንድ ጎልማሳ እዚህ ላይ እጃቸውን አወጡ። «ይቅርታ፣ ሥጋ እንዴት 500 ሚሊዮን ዓመት ይቆያል? ለማመን ይከብዳል» አሉ።

ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው። ሥጋው ራሱ አልቆየም። እንስሳው ሲሞት፣ ገና ሳይበሰብስ፣ ቆዳው በካልሲየም ፎስፌት ተሸፈነ፤ ተተካም። እንደ መቀባት አስቡት፤ ወይም ልጅ እግሯን ስትሰበር እንደሚደረግላት ጀሶ። ልዩነቱ ይህ ጀሶ እጅግ ስስ መሆኑ ነው፤ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ የማይበልጡ ነገሮችን እንኳ ሳያበላሽ ቀርጿል። ብዙዎቹ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ቆዳው ብቻ ቆሞ ይገኛል። ፎስፌቱ ከየት መጣ ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ። ቅሪተ አካላቱ የበዙበት ስስ ድርብርብ በጥቃቅን የእንስሳት ፍግ የተሞላ ነው። ፍግ ፎስፈረስ አለው፤ ለዚህ አይደል እርሻ ላይ የምንበትነው? እነዚያ ጥቃቅን ፍጥረታት የወደቁት ፍግ በተከማቸበት ጭቃ ላይ ነው። ያቆያቸውም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ማብራሪያ በጣም ደስ ይለኛል። እዚያ ጭቃ ውስጥ ከሁሉ የተናቀው ነገር ነው የቀረጻቸው።

አሁን ካገኟቸው ጥቂቱን ላስተዋውቃችሁ። ሁሉንም አልችልም።

የመጀመሪያው አግኖስቱስ ፒሲፎርሚስ ነው። አግኖስቱስ በግሪክ «የማይታወቅ»፣ ፒሲፎርሚስ በላቲን «አተር መሳይ» ማለት ነው። ቅርፊቱን ሰዎች ከሊኔየስ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። እጃችሁ ላይ ያለውን ድንጋይ በሰያፍ ወደ መስኮቱ ብታዞሩት ትናንሽ ሞላላ እብጠቶች ታያላችሁ። እሱ ነው። አንዳንዱ ኦርስቴን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በእሱ የተሞላ ነው። ሁለት ጋሻ አለው፤ አንዱ የራስ፣ አንዱ የጅራት። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ፊቱንና ኋላውን መለየት ያስቸግራል። ከ200 ዓመት በላይ ሰዎች ጋሻውን ብቻ እያዩ ኖሩ። ሙለርና ቫሎሼክ እ.ኤ.አ. በ1987 ከጋሻው ሥር ያለውን ሙሉ አካል ገለጹ። ግልገሎቹ ሁለቱን ጋሻ እንደ መጽሐፍ አጥፈው፣ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው ተገኙ። ስሙ «የማይታወቅ» ቢሆንም ዛሬ የእግሩን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ መቁጠር እንችላለን።

ሁለተኛዋ ሬህባኬላ ኪኔኩሌንሲስ ናት። ከስሟ ኪኔኩሌን ትሰማላችሁ። ከእኔ ዘንድ የምትበልጥብኝ እሷ ናት። ለምን? ምክንያቱም አንድ ሬህባኬላ አይደለም የተገኘው፤ ልጅነቷ በሙሉ ነው የተገኘው። እንዲህ ያሉ እንስሳት ሲያድጉ ቅርፊታቸውን እየጣሉ አዲስ ይለብሳሉ። በጣሉ ቁጥር አካላቸው ላይ ትንሽ ይጨመራል፤ አንድ ጥንድ እግር፣ አንድ የሰውነት ቀለበት። ቫሎሼክ ከአተላው ውስጥ 30 የዕድገት ደረጃዎችን ለይቶ ደረደረ። የመጀመሪያዋ እጭ ከሩብ ሚሊሜትር ታንሳለች፤ ሦስት ጥንድ እጅና እግር ብቻ አላት። የመጨረሻዋ 1.7 ሚሊሜትር ገደማ ናት። እናቶች የልጃቸውን ቁመት በር ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጉ የለም? ይኸው 30 ምልክት አለ፤ 500 ሚሊዮን ዓመት ግድም የቆየ።

ያቺን ሦስት ጥንድ እግር ያላትን የመጀመሪያ እጭ ልብ በሏት። ዛሬ የሽሪምፕን እጭ ከባሕር ቀድታችሁ በማይክሮስኮፕ ብታዩ ያንኑ ታያላችሁ። ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና የውሃ ቁንጫ የሚባሉት ሁሉ ክሩስታሺያን ከሚባል አንድ ወገን ናቸው። የውሃ ቁንጫ ጣና ሐይቅ ውስጥ አለ። ዳፍኒያ ይሉታል፤ ጥቃቅን ተንሳፋፊ ነው፤ ትናንሽ ዓሣዎች ይበሉታል። ሬህባኬላ የዚህ ወገን ናት። የዚህ ትልቅ ቤተሰብ የመጀመሪያ ቅርንጫፎች ምን ይመስሉ እንደነበር እግራቸውን ቆጥረን የተማርነው ከዚህ ከሚሸት ድንጋይ ነው።

ሌላው ካምብሮፓኪኮፔ ነው። ፊቱ ላይ አንድ ግዙፍ ዓይን አለው። አንድ ብቻ። ከብዙ ጥቃቅን ዓይኖች የተሰፋ ነው፤ እንደ ዝንብ ዓይን። የራሱ ፊት በሙሉ ዓይን ነው ማለት ይቀላል። ትንንሾቹ ልጆች እየሳቁ ነው፤ ፎቶውን በኋላ ስልኬ ላይ አሳያችኋለሁ።

የሚቀጥለው ትንሽ ይሰቅቃል። ዛሬ በእባብና በአዞ ሳንባ፣ በውሻ አፍንጫ ውስጥ የሚኖሩ የምላስ ትል የሚባሉ ጥገኞች አሉ። የእነሱ ዘመዶች ኦርስቴን ውስጥ ተገኝተዋል፤ መንጠቆ መሰል እግራቸው ሳይቀር። እባብ የለም፤ አዞ የለም፤ ውሻ የለም። ታዲያ ማን ላይ ይኖሩ ነበር? ምናልባት ሙለር ሲለቅማቸው የነበሩት የኮኖዶንት ባለቤቶች፣ እነዚያ እባብ መሰል የጥንት ዋናተኞች ላይ ይሆናል የሚል ሐሳብ አለ። እኔም ወደዚያ አደላለሁ። በባሕር ውስጥ ገና አሳ የሚባል ነገር ብርቅ በሆነበት ጊዜ ጥገኛ ትል ነበረ።

የባሕር ሸረሪት እጭም ተገኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የተሰየመችው፤ ካምብሮፒክኖጎን ክላውስሙለሪ። አተላውን ላልደፋው ሰው ክብር። እንግሊዝ ውስጥ ሽሮፕሸር ላይ፣ ከዚህም በሚበልጥ ዕድሜ፣ 511 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የተገኘችውን ሌላ እንስሳ ደግሞ ክላውስሙለሪያ ብለዋታል። ዘዴው አንዴ ከታወቀ በኋላ በቻይና፣ በአውስትራሊያ፣ በሳይቤሪያ እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቷል። ሁሉም ቦታ አሠራሩ አንድ ነው፤ ድንጋዩ ይሟሟል፣ አተላው ይለቀማል።

ከኋላ አንዲት እናት ጠየቁ። «ትልልቆቹስ? ሁሉም ጤፍ ጤፍ የሚያህሉ ናቸው እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ባይጠይቁኝ ይቆጨኝ ነበር። ኦርስቴን ውስጥ ከሁለት ሚሊሜትር የሚበልጥ እንስሳ እግሩና ቆዳው ተጠብቆ አይገኝም ማለት ይቻላል። ትልቅ አካል ፎስፌቱ ሳይሸፍነው ይበሰብሳል። ስለዚህ ትልልቆቹ ቢኖሩም የቀረልን ልጃቸው ነው። ባሕሩ በሙሉ ሕፃን ብቻ የነበረበት አይደለም። ድንጋዩ ሕፃናቱን ብቻ ነው ማቆየት የቻለው። እኔ ይህ እንደ ጉድለት አይታየኝም። ካናዳ ያለው በርጀስ ሼል የሚባለው ዝነኛ ቦታ ትልልቆቹን ይሰጠናል፤ ግን ተጨፍልቀው፣ ድንጋይ ላይ እንደ ጥላ ሆነው። ይህኛው ትንንሾቹን፣ ግን ከነሙሉ ቅርጻቸው፣ ዞረን ከጀርባ ልናያቸው እስክንችል ድረስ። አንድ እንስሳ እንዴት እንዳደገ የምታውቀው ደግሞ ሽማግሌውን ብቻ በማየት አይደለም።

ኪኔኩሌ መሄድ ለምትፈልጉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አካባቢው ብዙ ቦታ ተከልሏል፤ በተከለለው ውስጥ ድንጋይ መስበርም መውሰድም ክልክል ነው። መመልከት ግን ማንም አይከለክላችሁም። የድሮ የድንጋይ መፍለጫዎች አሉ፤ ግድግዳቸው ላይ ጥቁሩ ሼልና በመሃሉ የተጋደመው ጓል በግልጽ ይታያል። ከልጆቻችሁ ጋር ሂዱ። ግንቦት ላይ ብትሄዱ ደኑ በነጭ አበባ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ምሳ ይዛችሁ ሂዱ።

በሉ ወደ ብርጭቆው እንመለስ። ቅድም ናፍጣ ያልሽው፣ ነይ አንቺ እዪልን። ምን ይታያል?

«አረፋ አለ። ትንንሽ። ከድንጋዩ ላይ ወደ ላይ ይወጣል።»

ጎበዝ። ያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የካምብሪያን ባሕር ውስጥ የነበረ ካርቦን፣ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እየወጣ ነው። ከሥሩስ?

ጎንበስ ብላ ቆየች። «ትንሽ ጥቁር ነገር አለ» አለች። «ቆሻሻ ነው?»

ብርጭቆውን ቤቷ ይዛ መሄድ ትችል እንደሆነ አባቷ ጠየቁኝ። ትችላለች አልኩ። የሱቅ ኮምጣጤ ደካማ ስለሆነ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ አረፋው ሲያቆም አሮጌውን ቀስ ብለሽ አፍስሺና አዲስ ጨምሪበት አልኳት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ስትሄድ እንደገና ጠራኋት። ስታፈሺ ቀስ በይ፣ ታች የቀረውን እንዳትደፊው።